የጥር ዘጠኙ ደብዳቤ

ፅጌ ማርያም ወልደ ሐዋርያት በባሕር ዳር የጀልባ ጣቢያ ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ከተቀጠረች ሁለት ዓመት አልፏታል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ መትታ አታውቅም። በ1981 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ግን የአዲስ ሞተር መካኒክ የምደባ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አበላሸች። አራተኛውን ወረቀት አስገብታ ስሙን ፊደል በፊደል እየለቀመች መታችው። አካሉ አስማማው። ከምጽዋ መርከብ ጥገና ክፍል ወደ ባሕር ዳር–ጎርጎራ መስመር።

አለቃዋ ምን ሆነሻል ሲሏት ሪባኑ ደክሟል አለቻቸው። ሪባኑን የቀየረችው ግን ባለፈው ዓርብ ነበር።

አካሉን ያወቀችው ከአራት ዓመት በፊት፣ እሱ ፖሊ ቴክኒክ ጨርሶ ሥራ በጀመረበት ጊዜ ነው። ያኔ እሷ ታማ ከዳነች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ የወለዷትን ሳይቀር መጠራጠር ጀምራ ነበር። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ከሐይቁ ዳር አድባራት በአንዱ ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ጸበል አስጠመቋት፤ ጸሎት አደረሱላት፤ ከዚያም የሰውን አፍ ሳይፈሩ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ላርጋክቲል የሚባል ኪኒን ታዘዘላት። ድምፆቹ እየራቁ እየራቁ ሄደው ጠፉ። ኪኒኑ ግን አፏን ያደርቀው ነበር፤ ፀሐይም ቆዳዋን ቶሎ ይልጠው ጀመር፤ ስለዚህ ጃንጥላ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። የከተማው ወጣቶች ኩሩ ናት ይሏታል። አካሉ መጀመሪያ የወደደላት ያንን ኩራት ነው።

ስምንት ወር ተዋደዱ። እሱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ፣ ስመለስ ሽማግሌ እልካለሁ ብሏት ሄደ። ከምጽዋ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይጽፍላት ነበር፤ እሷም ትመልሳለች። ሕመሟን ግን አንድም ቀን አላነሣችለትም።

በ1978 ዓ.ም. ጥር ዘጠኝ ቀን የጻፈችው ደብዳቤ የመጨረሻው ሆነ። ሁለት ገጽ ነው፤ ሰላምታ የለውም። ውኃዋ ውስጥ መርዝ የሚያስጨምርባት እሱ መሆኑን እንደደረሰችበት፣ የቅኔ ተማሪ መስለው ከደጃቸው የሚውሉት የእሱ ሰላዮች እንደሆኑ፣ ዐይኑን ካየችው ሐይቅ ውስጥ እንደምትገፈትረው ጻፈችለት። ከዚያ ከወራት በፊት ኪኒኗን አቁማ ነበር። ለምን እንዳቆመች ለአባቷም አልተናገረችም። ደብዳቤው ምጽዋ ሲደርስ እሷ ለሁለተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ተኝታ ነበር።

ድና ስትመለስ የጻፈችውን ሁሉ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች። ብትረሳው በወደደች። ከአካሉ መልስ አልመጣም፤ እሷም ይቅርታ ለመጠየቅ ሕመሟን መናገር ስለነበረባት ዝም አለች። ዝምታቸው ሦስት ዓመት ሆነ። አሁን ያ ሰው ሊመጣ ነው፤ የሚመጣበትን ወረቀት የመታችውም እሷው ናት።

በሳምንቱ መጣ። የባሕሩ ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ትከሻው ሰፍቷል። ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ሲያያት ፊቱ ላይ አንዳች ነገር ብልጭ ብሎ ወዲያው ጠፋ።

«የምደባ ደብዳቤዬ ደርሶ ከሆነ ይስጡኝ» አላት።

ይስጡኝ አላት፤ እንደማያውቃት ሰው። ስድብ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እሷም እዚህ ላይ ይፈርሙ አለችው። አምስት ሳምንት እንዲህ በእርስዎ እየተጠራሩ ቆዩ። ጀልባው ማክሰኞ ወደ ጎርጎራ ሄዶ ዓርብ ይመለሳል። ዓርብ ከሰዓት የጀልባው ጡሩንባ ሲነፋ ፅጌ ማርያም እጇን ከጽሕፈት መኪናው ላይ አንሥታ ጉልበቷ ላይ ታሳርፋለች። እሱም ሪፖርት ሊያስገባ ሲመጣ ዐይኑ ጃንጥላ የሚሰቀልበትን ችንካር ይፈልጋል፤ ባዶ ነው። ምን ሆኖ ይሆን ብሎ ያስባል፤ አይጠይቅም።

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ አንድ ዓርብ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ዝርዝር ሊያስመታ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እሱ እያነበበ፣ እሷ እየመታች ጨረሱ። ወረቀቱን ከመኪናው አወጣችና አልሰጠችውም።

«አካሉ» አለችው። «ያን ደብዳቤ የጻፍሁት ታምሜ ነው። የአእምሮ ሕመም ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አለብኝ፤ ካንተ ጋር ሳለሁም ነበረብኝ፣ ደብቄህ ነው። አሁን በየአራት ሳምንቱ መርፌ እወጋለሁ፤ ደኅና ነኝ። እንድትመለስልኝ ብዬ አይደለም የምነግርህ። ያ ቃል የኔ መስሎህ እንዳትኖር ብዬ ነው።»

አካሉ አጠገቡ ከነበረው የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። 

«ውትድርናዬን ከጨረስሁ ቆይቷል» አላት። «ባሕር ዳር ከመጣሁ ዐይኔን ማየት አትፈልግም ብዬ ነው ምጽዋ የቀረሁት። ምን እንዳደረግሁሽ ሳስብ ነው የኖርሁት። ምነው አንድ ቃል ብትጽፊልኝ?»

ምን እንዳደረግሁሽ። አንቺ አላት። ፅጌ ማርያም ወረቀቱን ሰጠችውና እዚህ ላይ ፈርም አለችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት የደስታ ነበሩ። ከጎርጎራ ሲመለስ ጢስ የጠጣ ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ያመጣላታል። አንድ ቀን ያ ጃንጥላሽ የት ሄደ አላት፤ መድኃኒቱ ተለውጦ በመርፌ ከሆነ ወዲህ ፀሐዩ እንደ በፊቱ እንደማያስቸግራት ነገረችው። እሱ ለኩራት የያዘችው ይመስለው እንደነበር ሲነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሕመሟን እንዲህ ስቃ ያወራችለት ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም።

በጥምቀት ሰሞን ሽማግሌ ስለ መላክ አነሣ። ለእናቱ ግን እውነቱን ሳይነግር እንደማያደርገው አስቀድሞ ነገራት፤ እሷም ደስ አላት።

የአካሉ እናት ወይዘሮ የሺመቤት በሰባታሚት በኩል ሰፊ ርስት የነበራቸው የባላባት ልጅ ናቸው። በ1967 መሬቱ ሲወረስ የቀረላቸው የከተማ ቤታቸውና የዘር ሐረጋቸው ብቻ ነው። ጎረቤቱ ዛሬም እሜቴ ይላቸዋል። ልጃቸው የነገራቸውን ሰምተው ሁለት ቀን አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ቃላቸውን ሰጡ፤ ልጅቱ ከዐቢይ ጾም መግቢያ እስከ ፋሲካ ጸበል ትግባ፤ መርፌውንም ታቁም፤ ያለ መርፌ ሁለቱን ወር ጤነኛ ሆና ከወጣች በፋሲካው ሳምንት ሽማግሌ ይሄዳል። ዕድሜ ልኳን በመርፌ የምትኖር ሴት ግን የልጅ ልጆቼን አትወልድም አሉ።

አካሉ ይህን ቃል ይዞ ወደ ፅጌ ማርያም መጣ። የካቲት ነው። በጀልባ ጣቢያው አጠገብ፣ ከሐይቁ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ተቀመጡ። የእናቱን ቃል እንዳለ ነገራት፤ ከዚያ የራሱን ጨመረ።

«ሁለት ወር ብቻ ነው። ፈቃድ ወስጄ ከጸበሉ አብሬሽ እቆያለሁ። እናቴ አንዴ ካየችሽ በኋላ መርፌሽን ትቀጥያለሽ፤ ማንም አይከለክልሽም።»

ፅጌ ማርያም ውኃውን እያየች «ያ ደብዳቤ የተጻፈበትን ቀን ታስታውሳለህ?» አለችው።

«ጥር ዘጠኝ።»

«የመጨረሻውን ኪኒን የዋጥሁት በመስቀል ማግስት ነው። ለምን እንደተውሁት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአባቴም። ሽማግሌ እልካለሁ ብለኸኝ ሄደህ ነበር። ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን እንደ ሌላዋ ልጃገረድ ምንም የማልውጥ፣ ምንም የማልደብቅ ሆኜ ልጠብቅህ ብዬ ነው የተውሁት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ያለ ጃንጥላ ወጣሁ፤ አፌ መድረቁን ተወ። ኅዳር ሲገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ታኅሣሥ ላይ ከደብዳቤዎችህ ውስጥ ያልጻፍኸውን ማንበብ ጀመርሁ። ጥር ላይ መርዘኛው አንተ ሆንህ።» ዞራ አየችው። «ያን ደብዳቤ ያጻፈኝ ጥላቻ አይደለም፤ ላንተ ብዬ መድኃኒቴን መተዌ ነው። አሁን ደግሞ አንተው መጥተህ ድገሚው ትለኛለህ።»

አካሉ ከመሬት የወደቀ የሾላ ፍሬ አነሣና መልሶ ጣለው።

«ጸበሉን እጠመቃለሁ» አለች። «በፊትም ተጠምቄአለሁ፣ ወደፊትም እጠመቃለሁ። መርፌውን ግን ለእናትህም፣ ለሠርግም፣ ላንተም ብዬ አልተውም። አንተን አንድ ጊዜ አጥቼህ ኖሬአለሁ፤ ሁለተኛም እችለዋለሁ። አእምሮዬን ግን ዳግመኛ በገዛ እጄ አልሰጥም።»

ተነሥታ ሄደች። መንገድ ላይ አለቅሳለሁ ብላ ጠብቃ ነበር። ኀዘኑ ደረቷን ሞልቶት ነበር፤ ግን አላለቀሰችም። ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሷ ያልፈራች ሰው ሆና ከአባቷ ደጅ ደረሰች።

አካሉ የዚያን ዕለት ለእናቱ የሰማውን ሁሉ ነገራቸው። ያንን ነገር ከእንግዲህ በአፌ አላወጣውም፤ እሷን የምትወስጂብኝ ከሆነ ሌላ እንዳትፈልጊልኝ ብሏቸው በማግሥቱ ወደ ጎርጎራ ሄደ። የእርሳቸውን ፈቃድ ሳይጠብቅ ከቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

የካቲት ሃያ ሦስት፣ ፅጌ ማርያም መርፌ የምትወጋበት ሐሙስ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት ፊታቸውን በነጠላቸው ተሸፍነው ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሄዱ። ያቺ ልጅ የምትሄድበትን ቦታ በዐይናቸው ሊያዩ ነው። አዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ተምሮ ባለፈው ዓመት የተመደበው ነርስ፣ ደሞዝ የሚባለው፣ በግቢው ጓሮ አንዲት ክፍል አለችው። ከክፍሏ ደጅ ረጅም አግዳሚ ወንበር ተዘርግቷል። የተቀመጡት ብዙዎቹ እንደ እርሳቸው ተሸፋፍነዋል። አንዲት ወጣት ብቻ ራሷን ገልጣ፣ ጠጉሯን በደንብ ተሠርታ ተቀምጣለች። ልጃቸው ከሻንጣው ውስጥ ያስቀመጠውን ፎቶግራፍ አይተውት ነበርና አወቋት።

ፅጌ ማርያም ከዋንዛዬ ከመጣች አንዲት እናት ጋር ትነጋገራለች። የሴትዮዋ ጎልማሳ ልጅ አጠገባቸው አቀርቅሮ ተቀምጧል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የእግር ብረት ጠባሳ አለ። እናቱ መድኃኒቱ ምላሱን አሰረብኝ፣ እጁን አንቀጠቀጠብኝ፣ ላስቆመው ነው የመጣሁ ትላለች።

«አያስቁሙት» አለቻት ፅጌ ማርያም። «ለምላሱና ለእጁ ሌላ ትንሽ ኪኒን አለ፤ አርቴን ይሉታል። እንዲህ ሆነብኝ ብለው ለነርሱ ይንገሩት፣ መጠኑንም ያስተካክልለታል። እኔም እንደሱ ሆኜ ነበር።»

«አንቺ?» አለች ሴትዮዋ። «አንቺማ ጤነኛ ነሽ።»

«የዳንሁት በዚሁ መድኃኒት ነው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ሴትዮዋ ወደ ክፍሉ እስክትገባ ጠብቀው ከአጠገቧ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ፅጌ ማርያም የአካሉን ዐይኖች በእርሳቸው ፊት ላይ አየችና ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣች።

«ተቀመጪ» አሏት። «እንዲህ ተገልጠሽ ስትቀመጪ ሰው አያይሽም?»

«ያየኛል፣ እሜቴ። በታመምሁ ጊዜ ያላየኝ ሰው አልነበረም። ድኜ ሲያየኝ ለምን እሸሸጋለሁ?»

 ተራዋ ሲደርስ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ከእሷ ጋር ገብተው ነርሱን አንድ ነገር ሊጠይቁት እንደሚሹ ነገሯት። ፅጌ ማርያም ፈቀደች።

የጠየቁት ስለ ልጅ ነው። ይህች ሴት ብትወልድ የምትወልደው ይታመማል ወይ አሉት። ደሞዝ አልዋሻቸውም። የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ልጅ ትንሽ ይበልጣል፤ እንዲህ ካሉ እናቶች የሚወለዱት አብዛኞቹ ግን ጤነኞች ናቸው አላቸው። ስታረግዝ መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር ተመካክረው እንደሚያስተካክሉት አስረዳቸው። ከዚያ «በየትኛው ቤት ይህ ሕመም ፈጽሞ አልነበረም ሊባል እንደሚችል ግን አላውቅም» አለ።

የወይዘሮ የሺመቤት እጅ የነጠላቸውን ጥለት ጨበጠ።

«በኔ ቤት ነበር» አሉ።

ደሞዝ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ታናሽ እህቴ ወለተ ኪዳን። መንናለች አልን፤ ገዳም ገብታለች አልን። አልገባችም። ከጓዳችን አሥራ አንድ ዓመት ታስራ ኖራ እዚያው ሞተች። እህል የማቀብላት እኔ ነበርሁ። ደኅና በምትሆንበት ቀን፣ የሺ ፍቺኝ ትለኝ ነበር፤ አባቴን ፈርቼ አልፈታኋትም።» ወደ ፅጌ ማርያም ዞሩ። «አንቺን እንቢ ያልሁሽ ንቄሽ አይደለም፣ ልጄ። ያንን የጓዳ በር ለሁለተኛ ጊዜ ከፍቼ የማየው መስሎኝ ነው።» ከዚያ ደሞዝን ቀስ ብለው ጠየቁት። «ያኔ ይህ መርፌ ነበረ?»

«አገራችን ገና አልደረሰም ነበር፣ እናቴ። ቢፈልጉም አያገኙትም ነበር።»

ያኔ አለቀሱ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልተለቀሰ ልቅሶ ነበር። ፅጌ ማርያም ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን አቀፈች። ደሞዝ መርፌውን አዘጋጅቶ ሲጠብቅ ወይዘሮ የሺመቤት እንባቸውን ጠርገው ተነሡ። ልጅቱ ስትወጋ እጇን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ቆሙ። ሁለቱም ከክፍሉ ሲወጡ ተገልጠው ነበር፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ እሜቴ የሺመቤትን አዩአቸው። እርሳቸውም ይዩኝ ብለው ቀስ ብለው ተራመዱ። የፅጌ ማርያምን ክንድ ግን የያዙት ለመደገፍ አልነበረም።

በማግሥቱ አካሉ ከጎርጎራ ሲመለስ እናቱ ጣቢያው ላይ ቆመው ሲጠብቁት አገኛቸው። የሆነውን ነገሩት። ልብሱን ሳይለውጥ በቀጥታ ወደ መሪጌታ ቤት ሄደ። ፅጌ ማርያም ከደጅ ወጥታ አነጋገረችው። ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ይቅር አለችው፤ ግን ቶሎ አላስገባችውም። በሐይቁ ዳር ያለችውን ደገመችለት፤ አንድ ቀን ደክሟት እሷ ራሷ ልተወው ብትል ምን እንደሚያደርግ እንዲነግራት ፈለገች።

«አልፈርድብሽም፤ አላስገድድሽምም» አላት። «ደሞዝ ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ። እዚያ የምትነጋገሩትን ተቀምጬ እሰማለሁ።»

ሽማግሌ ላክ አለችው።

መጋቢት አሥር እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ቤት መጡ። ፅጌ ማርያም ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ትሰማለች። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን እንደ ወጉ ተናገሩ። መሪጌታ እንደ ወጉ ቀጠሮ አልሰጡም።

«ልጄ ሕመም አለባት» አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «የአእምሮ ሕመም ነው። መድኃኒት ትወስዳለች፤ ወደፊትም ትወስዳለች። ይህን ሰምታችሁ ነው ወይስ ሳትሰሙ የመጣችሁት?»

ፅጌ ማርያም ወደ መጋረጃው ተጠጋች። አባቷ ይህን ቃል በሰው ፊት ሲናገሩት ሰምታ አታውቅም።

«ሰምተን ነው፣ መሪጌታ» አሉ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ። «እሜቴ የሺመቤት የላኩን ቃልም አለ። ልጅዎ ወደ ቤቴ ስትገባ መድኃኒቷን ተይ የሚል ሰው ቢኖር፣ ልጄም ይሁን ዘመዴ፣ እኔ ራሴ እቆምበታለሁ ብለዋል። ይህን በእርስዎ ፊት እንድንናገር አዘውናል፤ የወለተ ኪዳን እህት ይህን ብላለች በሏቸውም ብለውናል።»

 መሪጌታ ወደ መጋረጃው ዞረው፣ ልጄ አዋቂ ናት፣ መልሱን ራሷ ትስጥ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም። ፅጌ ማርያም መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። አንገቷን ደፍታ ልትናገር አስባ ነበር፤ ሳታውቀው ቀና አለች።

«ወድጄ ፈቅጄአለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

አካሉ እንደ ወጉ ወደ መሪጌታ ቤት መግባት ስለማይችል ከሐይቁ ዳር ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ሙሽራ የምትሆን ልጅ በዚህ ቀን ከቤት አትወጣም፤ ፅጌ ማርያም ግን ጎረቤቱ ሁሉ እያያት፣ በፀሐይ፣ ቁልቁል ወደ ውኃው ወረደች። መሮጥ የጀመረችው የት ላይ እንደሆነ አላወቀችም። እሱ ከፊቷ የሆነውን አነበበ፤ ግን ከአፏ መስማት ፈለገ።

«ምን አሉ?»

«አባቴ ሕመሜን ነገሯቸው። እናትህም መድኃኒቴን ማንም እንዳያስተወኝ ቃል ልከዋል፤ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።»

«ከሠርጋችን በኋላ የመጀመሪያው መርፌሽ ግንቦት አሥራ ሰባት ነው» አላት። «በዚያ ሳምንት ወደ ጎርጎራ እንዳልሄድ ከአሁኑ አስፈቅጃለሁ።»

ፅጌ ማርያም መልስ ልትሰጠው ፈልጋ ሳቅ ቀደማት። ከሩቅ የሚያዩአቸው ሰዎች ምን እንዳሳቃት አልገባቸውም። እሷ ግን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በጀርባዋ ተሸክማው የዞረችው ፍርሃት ከትከሻዋ ሲወርድ ይሰማት ነበር፤ ደስታዋም ሙሉ ነበር፤ የእሷም ነበር።